ዋና ሳልችል ራፍቲንግ ልሂድ ወይ?

እህቴ፣ «ዋና አልችልም። የሥራ ባልደረቦቼ ግን ሰኔ ላይ ፔንስልቬንያ ሄደን ዮክ ወንዝ ላይ ራፍቲንግ እንውጣ ብለው ይዘውኛል። ልሂድ ወይስ ሰበብ ልፈልግ?» ብለሽ ጠይቀሻል። (ለማያውቀው፣ ራፍቲንግ ማለት ራፍት በሚባል በአየር የተነፋ የጎማ ጀልባ እየቀዘፉ ወንዝ መውረድ ነው።) ሂጂ። ግን መጀመሪያ «የትኛው ዮክ?» ብለሽ ጠይቂያቸው።

ወንዙ ሙሉ ስሙ ዮካጌኒ ነው። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ አይተሽ አትደንግጪ፣ ፈረንጆቹም ይቸገራሉ። ውሃው ከድንጋይ ጋር የሚታገልበት ቦታ ራፒድ ይባላል፣ አስቸጋሪነቱም ከ1 (ቀላሉ) እስከ 6 (ከባዱ) ባለ ደረጃ ይለካል። የላይኛው ዮክ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። በ1976 የግዛቲቱ የመጀመሪያ «ዱር ወንዝ» ተብሎ በሕግ የተከለለው እሱ ነው። ጫካው ያምራል፣ ውሃው ግን 4 እና 5 ነው። ለጀማሪ አይሆንም፣ አለቀ። መካከለኛው ከኮንፍሉዌንስ ከተማ እስከ ኦሃዮፓይል ይወርዳል፣ 1 እና 2 ነው። ልጅ ይዞ የሚሄደው እዚያ ነው። የታችኛው ዮክ ከኦሃዮፓይል ፏፏቴ ሥር ይጀምራል፣ 7 ማይል ገደማ ነው፣ 3 እና በቦታው 4 ይሆናል። ባልደረቦችሽ ያሰቡት ይኼን ይመስለኛል።

እኔ የጀመርኩት በታችኛው ነው፣ ያውም ዋና ሳልችል። ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ካለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነዳን። እንደ ደረስን አንድ ልጅ ላይፍ ጃኬት አለበሰኝና ጥብቅ አደረገው። ደረቴን ስላፈነኝ ዞር ሲልልኝ ማሰሪያውን አላላሁት። ጉዴ የመጣው ከዚያ ነው።

በታችኛው ዮክ ማሟሟቂያ የሚባል ነገር የለም። ከዳር እንደ ተነሳሽ ራፒዱ ይቀበልሻል። ትንሽ ወረድ ብሎ ኩከምበር የሚባል አለ። ኪያር ማለት ነው፣ ስሙን ሰምቼ ስቄ ነበር። ራፍቱ ድንጋይ ገጨና እኔ ወጣሁ። ጃኬቱ ጆሮዬ ድረስ መጣ። ተንሳፍፌያለሁ፣ ግን የማየው ብርቱካናማ ጨርቅ ብቻ ነው። ጋይዱ፣ ማለትም የጉዞው መሪ፣ በጃኬቱ ትከሻ ይዞ ሲጎትተኝ እኔ ልቀር፣ ጃኬቱ ሊሄድ ነበር። ስለዚህ ከመነሳትሽ በፊት ሰው ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ይጎትተው። ከፍ ካለ ላልቷል።

ሁለተኛው ስህተቴ የባሰ ነው። እግሬ መሬት ሲነካ ልቆም ሞከርኩ። ማን አይሞክርም? ነገር ግን በሚሮጥ ውሃ ውስጥ አይቆምም። እግርሽ በሁለት ድንጋይ መሀል ከተቀረቀረ ውሃው ከኋላ እየገፋ በግንባርሽ ይደፋሻል። ወገብ በማይደርስ ውሃ ሰው የሚሰምጠው እንደዚህ ነው። ከወደቅሽ በጀርባሽ ተኚ፣ እግርሽን ወደ ወንዙ መውረጃ ዘርጊ፣ የጫማሽ ጫፍ ከውሃው በላይ ይታይሽ። ገመድ ከተወረወረልሽ ገመዱን ያዢ፣ እጅሽ ላይ ግን አትጠምጥሚው።

እና ዋና? ቢኖርሽ ጥሩ ነው፣ ድንጋጤውን ይቀንሳል። የሚያንሳፍፍሽ ግን ጃኬቱ ነው። ለጋይዱ ሳታፍሪ «ዋና አልችልም» በይው። ዝም ብሎ የሚገባ ሰው ነው የሚያስቸግራቸው።

አንድ ነገር ደግሞ ስትመዘገቡ በደንብ አንብቢ። እዚያ ወንዝ ላይ «ከጋይድ ጋር» ማለት ሁልጊዜ ጋይዱ እናንተ ራፍት ውስጥ ይቀመጣል ማለት አይደለም። አንዳንዱ ጉዞ ላይ ጋይዶቹ በራሳቸው ጀልባ ሆነው ከጎን እያዩ ያሳልፏችኋል፣ ራፍቱን የምትነዱት እናንተ ናችሁ። ርካሽ ነው። ለአንቺ ግን ጋይዱ ከኋላሽ የተቀመጠበትን ክፈዪ። በኪራይ ራፍት ብቻችንን እንውረድ ካሉ ያኔ ሰበቡን ፈልጊ።

እናቶቻችን «እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ» ይላሉ አይደል? ዮክ ላይ ዲምፕል የሚባል ድንጋይ አለ። ከሩቅ ሲያዩት ከሌላው አይለይም። ውሃው ግን በቀጥታ ወደ እሱ ይገባል፣ ሥሩም በውሃ ተቦርቡሯል፣ ሰው የሞተበት ቦታ ነው። ወርደሽ በዳር በእግር ማለፍ ትችያለሽ። እኔ ሁልጊዜ በእግሬ ነው የማልፈው። ይስቁብኛል፣ ይሳቁ።

መቅዘፊያው ጫፉ ላይ እንደ ቲ ፊደል ያለ እጀታ አለው። እጅሽ ከሱ ላይ አይነሳ፣ የጎረቤትሽን ጥርስ የሚያወልቀው እሱ ነው። ጂንስና የጥጥ ካናቴራ አትልበሺ፣ ከረጠበ አይደርቅም፣ ያንቀጠቅጥሻል። ነጠላ ጫማም ውሃ ይበላዋል፣ እግር ላይ የሚታሰር ይሁን። መነጽር ካለሽ በክር እሰሪው። ሰኔ ጥሩ ጊዜ ነው፣ ግን ዝናብ ከከረመ የውሃውን ከፍታ በዚያው ጠዋት ጠይቁ። ወንዙ ሲሞላ ያው ድንጋይ ሌላ ድንጋይ ይሆናል።

ራፍቲንግ ሲባል የአገራችንን ኦሞ ወንዝ የምታነሱ ደግሞ ታስቁኛላችሁ። አሜሪካኖች በ1973 በራፍት ሲወርዱት ድርጅታቸውን ሶቤክ ያሉት በግብጾች የአዞ አምላክ ስም ነው። ለምን እንደሆነ ገምቱ። ዮክ ላይ አዞም ጉማሬም የለም።

ደረቅ ልብስ መኪና ውስጥ ተዪ። ምግብም እንደዚያው፣ ቢቻል የቋንጣ ፍርፍር። ከዚያ ወንዝ ሲወጣ የሚይዘው ረሃብ ሌላ ነው። እኔ የቱርክ ሳንድዊች ይዤ ሄጄ አልቅሻለሁ።