ስለ ዮጋና ጤና ያላችሁን ጥያቄ አምጡ (ከሐዋሳ)

ሰላም ናችሁ? ሐዋሳ ውስጥ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ ዮጋም አስተምራለሁ። ብዙ ሰው በውስጥ መስመር ስለሚጠይቀኝ እዚሁ ለሁሉም ልመልስ። አስቀድሜ ግን፦ መድኃኒት የምትወስዱ ሰዎች ዮጋ ጀመርን ብላችሁ እንዳታቋርጡ።

ባለባጃጅ፦ ከፒያሳ አቶቴ ስመላለስ እውላለሁ። ማታ ወገቤ አላስተኛ ይለኛል። ከጀመረኝ ዓመት አልፎታል። ዮጋ ይረዳኛል?

መልስ፦ ሊረዳህ ይችላል። የየቀን ሥራዬ ስለሆነ ትንሽ ላርዝመው። ችግሩ መቀመጡ ብቻ አይደለም፤ ጎበጥ ብለህ፣ መንገዱ እያንገጫገጨህ፣ ለሰዓታት ሳትንቀሳቀስ ነው የምትውለው። ጡንቻው ይደክማል፣ ዳሌህም ይተሳሰራል። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ ለቆየ የወገብ ህመም ከመድኃኒት በፊት እንዲሞከሩ ከመከራቸው ነገሮች አንዱ ዮጋ ነው። ከሌላ ጥሩ የጀርባ ስፖርት ይበልጣል ማለት ግን አይደለም። ለውጡም ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፣ በሳምንት አትጠብቀው።

በዚህ ጀምር። በእጅህና በጉልበትህ ተንበርከክ፣ አየር እያስወጣህ ጀርባህን ወደ ላይ አጉብጥ፣ እየሳብክ ቀስ ብለህ መልስ። ቀጥሎ በጀርባህ ተኛ፣ ጉልበትህን አጥፈህ ዳሌህን አንሳ፣ ትንሽ ቆይተህ አውርድ። ቆመህ ጎንበስ ብሎ የእግር ጣት መንካቱን ለአሁኑ ተወው። ሹል ህመም ከተሰማህ አቁም። እግርህ ከዛለ፣ በጭንህ መሃል ከደነዘዘህ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተህ ግን የዮጋ ጉዳይ አይደለም፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂድ።

ጋሼ፦ ዶክተር፣ የደም ግፊት አለብኝ። ዮጋ ከጀመርኩ ኪኒኑን ልተወው?

መልስ፦ ዶክተር አይደለሁም ጋሼ። ኪኒኑን እንዳይተዉት! ዝግ ያለ ትንፋሽ፣ በደቂቃ 6 ጊዜ ያህል፣ ልብን የሚያረጋጋውን ነርቭ ያግዛል፣ ግፊትንም በመጠኑ ሊቀንስ ይችላል። በመጠኑ ነው ያልኩት። ኪኒኑ መቀነስ ካለበት ግፊትዎን ለክተው የሚቀንሱት ሐኪምዎ ናቸው። በጭንቅላት መቆም የሚባለውን ደግሞ ግፊት ያለበትም፣ የዓይን ግፊት (ግላኮማ) ያለበትም እንዳይሞክር።

ሰላም፦ ዮጋ ጥቅሙ ምንድነው?

መልስ፦ ለምኑ? ለወገብ ነው? ለእንቅልፍ? እንዲህ ተብሎ ሲጠየቅ ምን ብዬ ልመልስ? ለይተሽ ጠይቂኝ።

የታቦር ልጅ፦ ይቅርታ ግን ይሄ የሂንዱ አምልኮ አይደለም እንዴ?

ሯጩ፦ ኧረ ስፖርት ነው ወንድሜ! እግር ኳስም ከውጭ ነው የመጣው።

የታቦር ልጅ፦ ኳስ ላይ ማን ይሰግዳል? የታቦርን ተራራ በጠዋት ውጣ ውረድ፣ ከዚያ በላይ ጤና የለም።

ሯጩ፦ የጉልበት ህመም ያለበትስ ታቦርን በምን ይውጣው?

መልስ፦ ምንጩ ህንድ ነው፣ ታሪኩም ከሃይማኖታቸው ጋር የተሳሰረ ነው፣ አልክድም። እኔ የማስተምረው እንቅስቃሴና ትንፋሽ ነው። የእምነቱን ነገር የነፍስ አባትህን ወይም ፓስተርህን ጠይቅ። ታቦር መውጣትም ጥሩ ነው፣ ሁለቱም ይቻላል። አሁን ወደ ጤናው እንመለስ።

ሚሚ፦ ቦርጭ ያጠፋል?

መልስ፦ ብቻውን ብዙም አያጠፋም። ምግብሽን አስተካክዪ፣ በእግርሽ ሂጂ።

የሰባት ወር ነፍሰ ጡር፦ እኔስ መሥራት እችላለሁ?

መልስ፦ የክትትል ሐኪምሽ ከፈቀዱ፣ አዎ። በጀርባሽ ተኝተሽ አትቆዪ፣ በሆድሽም አትተኚ፣ ሆድ የሚጠመዝዝ ነገር ይቅር። የሐዋሳ ቀትር ላይም አትሥሪ፣ ሙቀቱ ላንቺ አይሆንም። ደም ካየሽ ወይም ካዞረሽ አቁሚና ሐኪም ጋ ሂጂ።

ተማሪ፦ ጀርባዬን ያመኛል ምን ልሥራ?

መልስ፦ ለባለባጃጁ የጻፍኩትን አላነበብክም! መጀመሪያ አንብበው። ከዚያ የት ጋ እንደሚያምህ፣ መቼ እንደጀመረህ፣ ስትቀመጥ ይሁን ስትነሣ የሚብስብህ ጻፍልኝ። ስታስነጥስ ወይም ስታስል ህመሙ ወደ እግርህ የሚወርድብህ ከሆነ ደግሞ ምንም ሳትጀምር መጥተህ ታይ።

ሚሚ፦ ምንጣፉን የት ነው የምንገዛው?

መልስ፦ መግዛት የለብሽም። የማያንሸራትት ወለል ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ አጥፈሽ አንጥፊ፣ በባዶ እግርሽ ሥሪ። ካልሲ ያንሸራትታል።