ያቺን ፊርማ ከመሰረዛችሁ በፊት

ይህን የምጽፈው ወንበሩ ሳይሞቅ ለውጥ ለማምጣት ለምትጣደፉ ወጣት ኃላፊዎች ነው። ችኮላችሁን አልጠላውም። ባለጉዳይ «ነገ ተመለስ» ሲባል እያየ ደሙ የማይፈላ አለቃ ባይሾም ይሻላል።

ግን ሠራተኛው ከእናንተ በፊት ብዙ ለውጥ አይቷል። በ1990ዎቹ መጨረሻ አሠራርን ከሥሩ እንቀይር የሚለው ቢፒአር ነበር። የሥራ ውጤት መመዘኛው ቢኤስሲ ተከተለ። ሥራን ጥቂት በጥቂት የማሻሻል የጃፓኖች ዘዴ የሆነውን ካይዘንን የሚያስፋፋው የካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ከተቋቋመ ወዲህ ደግሞ አምስቱ «ማ»ዎች በየኮሪደሩ ተለጠፉ፤ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። እኔ ባየኋቸው ቦታዎች ማዝለቅ ላይ ሳይደረስ አለቃው ይቀየራል። እናንተም «ለውጥ» ስትሉ አንጋፋው ሠራተኛ ራሱን ይነቀንቃል፤ ተስማምቶ እንዳይመስላችሁ፣ «ይሄም ያልፋል» እያለ ነው። ስንፍና ብላችሁ አትፍረዱበት።

እኔ ብሆን ከአንድ ወረቀት እጀምራለሁ። አንድ የግዢ ጥያቄ ያዙና ከመዝገብ ቤት ጀምሮ በየጠረጴዛው አብራችሁት ዙሩ። የት ይተኛል? እነማን ይፈርሙበታል? መቼም አንዲት ትርፍ የምትመስል ፊርማ አትጠፋም። ቶሎ አትሰርዟት። ፈራሚውን በሻይ ሰዓት ጠይቁት። በስብሰባማ ሁሉም «ጥሩ ሐሳብ ነው» ነው የሚለው። ምናልባት ድሮ ኦዲተር ጉድለት አግኝቶ፣ አንዱ ምስኪን ከደመወዙ ተቆርጦበት ይሆናል። ያቺ ፊርማ የመጣችው ከዚያ ድንጋጤ በኋላ ነው። ሰውየው የያዘው ሥልጣን ሳይሆን መከላከያ ነው።

እንግዲህ መጀመሪያ ፍርሃቱን አንሱለት። መመሪያው ካልከለከለ፣ «ይህ ፊርማ ቀርቷል፤ ለሚነሳው ጥያቄ ተጠያቂው እኔ ነኝ» ብላችሁ በደብዳቤ ጻፉ። ቁጥርና ማህተም ይኑረው፣ ግልባጩም ለውስጥ ኦዲት ይሂድ። በቃል ብቻ ከሆነ ማንም አያምናችሁም፤ ልክም ናቸው። እናንተ ስትቀየሩ ኦዲተሩ የሚያገኘው እነሱን ነው።

ሰኔ ላይ ግን አትሞክሩት። ሰኔ 30 በጀት ይዘጋል፤ ፋይናንሱ ክፍያ ላይ፣ ንብረት ክፍሉ ቆጠራ ላይ ነው። ማን ይሰማችኋል? ነሐሴ ይሻላል።

ደግሞ የቢሮ ሶፋ በመቀየር አትጀምሩ፤ ሠራተኛው ከንግግራችሁ በፊት እሱን ያያል። ከድሮ መሥሪያ ቤታችሁም ጸሐፊ ይዛችሁ አትምጡ። ያለችውን አማክሯት። የትኛው ፋይል የት እንደተቀበረ፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።