የገረባ ከሰል የፍሳሽ ውሃ ያጣራል?

ጥያቄ፦ «ድሬዳዋ ዳር ሩብ ሄክታር ላይ ቆስጣና ሰላጣ አለማለሁ። በበጋ የምጠቀመው ከጋራዦችና ከብረታ ብረት ቤቶች የሚወርደውን ፍሳሽ ነው። እርሳስ የሚባል መርዛማ ብረት አለበት አሉኝ። ከገረባ (ጫት ተቅሞ ከሚተርፈው ቅርንጫፍ) እና ከለውዝ ቅርፊት ከሰል ሠርቼ ባጣራውስ?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሐሳብዎ ጥሩ ነው። ፍየል የተወው የገረባ እንጨትም፣ የባቢሌ ለውዝ ቅርፊትም ክዳኑ በተዘጋ በርሜል ከከሰለ ውስጡ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ይሞላል። እርሳስና ካድሚየም (ሌላው መርዛማ ብረት) እዚያ ላይ ይጣበቃሉ። ክዳኑ ክፍት ከሆነ ግን የሚያገኙት አመድ ነው።

ችግሩ ሌላ ነው። ሩብ ሄክታር አትክልት በድሬ ሙቀት በቀን 12,000 ሊትር ያህል ውሃ ይፈልጋል። ባለ 200 ሊትር በርሜል 60 ጊዜ መሙላት ማለት ነው! ብረቱ እንዲጣበቅ ደግሞ ውሃው ከከሰሉ ጋር መቆየት አለበት። ፓምፕ ገፍቶ ካሳለፈው ብዙም አይያዝም። ከሰሉም ይጠግባል። ከጠገበ በኋላ ውሃው ጠርቶ፣ ሽታው ጠፍቶ፣ እርሳሱ ዝም ብሎ ያልፋል። ዓይንዎን አይመኑ። ለመስኖ ውሃ የሚመከረው የካድሚየም ጣሪያ በሊትር 0.01 ሚሊግራም ነው። ይህን የሚያውቀው ላቦራቶሪ ብቻ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ውሃውን ያስመርምሩ። ንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙስ በዚያው ውሃ ሦስት ጊዜ አለቅልቀው ይሙሉ። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በሐረር መንገድ ላይ ነው፤ ጎራ ብለው ይጠይቁ።

ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ በዚህ ውሃ ቆስጣና ሰላጣ አያጠጡ። ቅጠል ላይ እንዲህ ያለ ብረት በብዛት ይከማቻል፤ ካሮትና ቀይ ሥርም አያዋጡም። ማጠብ አቧራውን እንጂ ቅጠሉ ውስጥ የገባውን አያወጣም፤ መቀቀልም እርሳስን አያጠፋም። ወደ ጫት ልዙር እንዳይሉም፤ እሱም ቅጠል ነው፣ ያውም ጥሬውን የሚቃም። ቲማቲምና በቆሎ ፍሬያቸው የሚይዘው በጣም ያነሰ ነው። የጉድጓድ ውሃ ካገኙ ደግሞ ቅጠላ ቅጠሉን በእሱ ያጠጡ።

ከሰሉን መሥራትዎን ግን አይተዉ። ንጹሑን ፈጭተው ከአፈሩ ጋር ቢቀላቅሉት አፈሩ ውስጥ ያለውን ብረት ይዞ ሥሩ እንዳይስበው ያግዛል። ፍሳሽ ያጣሩበትን ከሰል ግን ማሳ ላይ አይበትኑ፣ ምድጃ ውስጥም አይጨምሩ። የያዘው እርሳስ አልጠፋም። ውሃ በማያስገባ ማዳበሪያ ጆንያ አስረው ልጆችና ፍየሎች ከማይደርሱበት ያስቀምጡትና የከተማውን የአካባቢ ጥበቃ ቢሮ የት እንደሚወገድ ይጠይቁ።