የጌም ጥያቄዎቻችሁ፦ ዶፓሚን፣ ሱስ እና የአባትየው ካርድ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ጌም ናቸው። በአንጎል ውስጥ መልእክት የሚያስተላልፈው ኬሚካል፣ ዶፓሚን፣ ያልተነሣበት ደብዳቤ የለም ማለት ይቻላል። አምስቱን አሳጥሬ ይዣለሁ።

«ጌም ስንጫወት የሚለቀቀው ዶፓሚን ከኮኬይን እኩል ነው ይባላል። እውነት ነው?» (ከአዲስ አበባ)

አይደለም። ወሬው ብዙ ጊዜ የሚጠቅሰው እ.ኤ.አ. በ1998 ለንደን፣ ሐመርስሚዝ ሆስፒታል የተሠራ ጥናት ነው። ስምንት ወንዶች ታንክ የሚነዱበት ጌም ሲጫወቱ አንጎላቸው የውስጡን ሥራ በምስል በሚያሳይ ፔት ስካን በሚባል ምርመራ ታየ። ዶፓሚናቸው ጨምሮ ተገኘ። ጥሩ ጥናት ነበር። ግን ሰዎቹ ስምንት ብቻ ነበሩ፤ ደግሞ ባለፉት ደረጃ ልክ ገንዘብ ይከፈላቸው ነበር። ገንዘብ እየተከፈለው ልቡ የማይነሣ ማን አለ? ኮኬይን የሚለየው የተለቀቀው ዶፓሚን ተመልሶ እንዳይሰበሰብ ስለሚያግድ ነው። ጌም ይህን አያደርግም።

«ሥራ የለኝም። ከሰዓት በኋላ ጌም ቤት እገባለሁ፤ እስኪመሽ ኳስ እጫወታለሁ። ሱሰኛ ነኝ?» (ከአዳማ)

ወንድሜ፣ ሰዓቱ ብቻውን አይፈርድብህም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሚሠራበት የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ የጌም ሱስን አስገብቷል። የሚያየው ሦስት ነገር ነው፦ ስትጀምርና ስታቆም ራስህን መግዛት ካቃተህ፣ ጌሙ ሌላውን ሁሉ ከቀደመብህ፣ ጉዳቱን እያየህም ከቀጠልክ። ይህም ኑሮህን ክፉኛ ያናጋና አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት ያህል የቆየ መሆን አለበት።

እኔን ያሳሰበኝ ግን የጻፍከው የመጀመሪያው ነገር ነው። ሥራ የሌለው ሰው ቀኑ አይመሽለትም። ጌም ቤት ደግሞ ጓደኛ አለ፣ ሳቅ አለ፣ ማሸነፍም አለ። ነገ ለቃለ መጠይቅ ብትጠራ ጌሙን ትተህ ትሄዳለህ? ከሄድክ ችግርህ ሥራ ማጣት ነው። ከቀረህ፣ የታክሲህን ብር ለጌም ከከፈልክ፣ ለቤተሰብ መዋሸት ከጀመርክ፣ ያኔ ባለሙያ አማክር። የአእምሮ ሕክምና ያለው አማኑኤል ብቻ አይደለም። አማኑኤልስ ቢሆን? ስሙን ስድብ ያደረግነው እኛ ነን።

«የምሠራው ዱባይ ነው። የ13 ዓመት ልጄ እናቴ ጋር ነው። ስልኩን የላክሁለት እኔው ነኝ። ፍሪ ፋየር ሲሆን ዓይኑ ይበራል፤ ደብተር ሲይዝ ይዝላል። ዶፓሚኑ አልቆ ይሆን?»

እህቴ፣ ዶፓሚን እንደዚያ አያልቅም። ቮልፍራም ሹልትስ የተባሉ ተመራማሪ ለጦጣዎች ጭማቂ እየሰጡ የዶፓሚን ሴሎቻቸውን ይከታተሉ ነበር። መጀመሪያ ሴሎቹ የሚነቁት ጭማቂው ሲመጣ ነበር። ጦጣዎቹ ከጭማቂው የሚቀድመውን ምልክት ከለመዱ በኋላ ግን ምልክቱ ሲታይ መንቃት ጀመሩ። ጭማቂው ራሱ ሲመጣ ዝም። ምልክቱ ታይቶ ጭማቂው ሲቀር ደግሞ ከወትሮው በታች ወረዱ። ስለዚህ ዶፓሚን ከደስታው ይልቅ «ይህን ተከተል፣ ያዋጣል» የሚል ነገር ነው።

ጌም ይህን አሳምሮ ያውቅበታል። ልጅሽ ተኩሶ ሲመታ ውጤቱ እዚያው ይታያል፤ ቁጥር ብቅ ይላል፣ ድምፅ ይሰማል፣ ደረጃው ያድጋል። ሒሳቡን ሠርቶ ልክ መሆኑን የሚያውቀው ግን መምህሩ ደብተር ሲያርሙ ነው። ያውም ከታረመ።

እንግዲህ አንቺም መልሱን አፍጥኚለት። አምስት ጥያቄ ይሥራ፤ ፎቶ አንሥቶ በኢሞ ይላክልሽ፤ እረፍት ስታገኚ ወዲያው መልሺለት። ሥራሽ ካልተመቸ ጎበዝ የሰፈር ተማሪ ፈልጊለት። ጌሙንም በደቂቃ አትገድቢ። አያቱ ጨዋታ መሃል ላይ ስልኩን ሲነጥቁት ጠብ ነው። «ሁለት ዙር ብቻ» ይበሉት፤ ዙር መቁጠር ለእሳቸውም ይቀላል። ማታ ስልኩ እሳቸው ጋር ይደር።

ደግሞ አንድ ነገር አጣሪ። ደብተር የጠላው ስልኩ ሳይመጣ በፊት ነው ወይስ በኋላ? እናቱ የናፈቀችው ልጅም ጌም ውስጥ ይሸሸጋል። ይህን ስል ላሳዝንሽ አይደለም፤ ሲደውል ስለ ትምህርት ብቻ እንዳትጠይቂው ብዬ ነው።

«የአንድ ሳምንት ‹የዶፓሚን ጾም› ያስተካክለኛል?»

ዶፓሚን አይጾምም፤ ያለ እሱ እጅህን ማንቀሳቀስም ያቅትሃል። ጌሙን ለሳምንት መተው ግን ክፋት የለውም። ቢያንስ እንቅልፍህ ይመለሳል። ጾም ሲፈታ ሥጋው ላይ እንዴት እንደምንረባረብ ግን አትርሳ።

«የ11 ዓመት ልጄ በኳስ ጌም ውስጥ ‹ፓክ› የሚባል ነገር እየገዛ ካርዴን አራቆተው። ምንድን ነው ይሄ ነገር?» (ከቨርጂኒያ፣ አሜሪካ)

አባቴ፣ ልጅዎ የገዛው ዕጣ ነው። ሲከፍት ምን እንደሚያይ ልንገርዎ። መጀመሪያ የአገር ባንዲራ ይወጣል። ቀጥሎ የሚጫወትበት ቦታ። ቀጥሎ ክለቡ። ተጫዋቹ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። የብራዚል ባንዲራ ሲታይ ልጁ በልቡ ኮከቡን አግኝቷል፤ ከዚያ ስሙን ሰምቶት የማያውቀው ተከላካይ ይወጣል። የሹልትስ ጦጣዎች የደረሰባቸው ይኸው ነው። ሆኖም አልፎ አልፎ ትልቁ ኮከብ ስለሚወጣ ልጁ አንድ ፓክ ይጨምራል።

ነገሩን እንደ ቁማር ያየ አገርም አለ። የቤልጂየም የቁማር ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2018 እንዲህ ያሉ በክፍያ የሚከፈቱ ሣጥኖች ቁማር ናቸው ብሎ ወሰነ፤ የፊፋ ጌም አምራች የሆነው ኢኤ (EA) የተባለው ኩባንያም በቀጣዩ ዓመት የፓክ መግዣ ነጥቡን እዚያ መሸጥ አቆመ። ዶፓሚን በዚህ ነገር ውስጥ እጁ እንዳለበት የሚያሳይ ሌላም አለ፦ ለፓርኪንሰን በሽታ የሚሰጡ፣ የዶፓሚንን ሥራ የሚሠሩ አንዳንድ መድኃኒቶች ቁማር ነክተው የማያውቁ ሕመምተኞችን ቁማርተኛ አድርገው ያውቃሉ።

የ11 ዓመት ልጅ ይህን ያሸንፋል ብለው አይጠብቁ። ካርዱን ከአካውንቱ ያውጡ፤ ለእያንዳንዱ ግዢ የይለፍ ቃል እንዲጠይቅ ያድርጉ። ኳሱን ራሱን ግን አይከልክሉት፤ ያለ ፓክም ይጫወታል። ገንዘቡንም ዝም ብለው አይተዉት። ልጅ ሳይፈቀድለት ለገዛው ነገር የመተግበሪያ መደብሮቹ የተመላሽ ጥያቄ ይቀበላሉ፤ በቆየ ቁጥር ግን ይከብዳል። ደረሰኞቹ ኢሜይልዎ ውስጥ አሉ፤ ዛሬውኑ ይጠይቁ።