ለስኩል ቦርድ ልወዳደር አስቤያለሁ፤ ቢጫ ካርዴ ያግደኛል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ ካውንቲ፣ ቤይሊስ ክሮስሮድስ አካባቢ ነው። የአሜሪካ ዜግነት ካገኘሁ የተወሰኑ ዓመታት ሆኖኛል። ልጆቼ የሚማሩት በካውንቲው ትምህርት ቤቶች ነው። እኔም የካውንቲውን የተማሪዎች አውቶቡስ እነዳለሁ፤ ባለቤቴ ደግሞ እዚያው የመምህር ረዳት ናት። በሚመጣው ምርጫ ለስኩል ቦርድ፣ ማለትም የካውንቲውን ትምህርት ቤቶች ለሚመራው ቦርድ፣ ልወዳደር አስቤያለሁ። አንዱ ጓደኛዬ «ቢጫ ካርድ ስላለህ አይፈቀድልህም» ይለኛል። ሌላው «ፓርቲ ካላቀረበህ አትልፋ» ይላል። ፊርማ ሊያሰባስቡልኝና ገንዘብ ሊያዋጡልኝ ቃል የገቡ የደብራችን ሰዎች አሉ፤ ብዙዎቹ ግን ገና ዜጋ አልሆኑም። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜም ልርዳህ ብሎኛል። ሕጉ ምን ይላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በመጀመሪያ በርቱ። ጓደኞችዎ ያነሷቸው ሁለቱ ነገሮች ቀላሎቹ ናቸው፤ በአጭሩ ልዝጋቸው። ከታች የምጠቅሳቸው ቀኖች፣ በዐዋጆቹ ቁጥር ላይ ካሉት የኢትዮጵያ ዓመቶች በቀር፣ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቢጫ ካርዱ አያግድዎትም። በዐዋጅ ቁጥር 270/1994 የሚሰጠው ይህ መታወቂያ የውጭ ዜጋ ለሆነ የኢትዮጵያ ተወላጅ ነው። ዜግነት አይሰጥም። እንዲያውም እርስዎ የአሜሪካ ዜግነት ሲወስዱ፣ በዐዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት ኢትዮጵያዊ ዜግነትዎ ቀርቷል። ካርዱ የሚጠቅምዎት ያለ ቪዛ ለመግባትና አገር ቤት ለመሥራት ነው። ለፌርፋክስ ስኩል ቦርድ ከመወዳደር ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ጥምር ዜግነት ቢኖርዎት እንኳ የቨርጂኒያ ሕግ በዚህ ምክንያት አይከለክልዎትም ነበር።

የፓርቲውም ነገር እንደዚሁ ነው። በቨርጂኒያ የስኩል ቦርድ ምርጫ ከፓርቲ ነጻ ነው። በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ከስምዎ አጠገብ የፓርቲ ስም አይጻፍም፤ ዕጩ የሚሆኑትም በመራጮች ፊርማ ብቻ ነው። በተግባር ግን እንዳይሞኙ። ሁለቱም ፓርቲዎች «የእኛ ሰው ይህ ነው» ብለው ድጋፍ ይሰጣሉ፤ በምርጫው ቀን በር ላይ በሚያድሉት ወረቀትም ስሙን ያወጡታል። ያ ድጋፍ ብዙ ድምፅ ያመጣል። የሕግ ግዴታ ግን አይደለም።

ከባዱ ሥራዎ ነው።

የቨርጂኒያ ሕግ የአንድ ስኩል ቦርድ ሠራተኛ የዚያው ቦርድ አባል ሆኖ ማገልገል አይችልም ይላል። የአውቶቡስ ሹፌር የቦርዱ ሠራተኛ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቦርዱ የትምህርት ቤቶቹን ዋና ሥራ አስኪያጅ ይቀጥራል፣ በጀት ያጸድቃል፣ የእርስዎን ደመወዝ ይወስናል። አለቃም ተቀጣሪም መሆን አይቻልም። ክልከላው የተቀመጠው ግን በማገልገል ላይ ነው። ስለዚህ ለመወዳደር ብለው ዛሬ ሥራ አይልቀቁ። ካሸነፉ ግን ወንበሩን ከመያዝዎ በፊት ሥራውን መተው ይኖርብዎታል። ለቦርድ አባላት ክፍያ አለ፤ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሙሉ ደመወዝ አድርገው ግን አያስቡት። የጤና ኢንሹራንስዎ በዚህ ሥራ በኩል ከሆነ ከባለቤትዎ ጋር ቁጭ ብላችሁ ሒሳቡን ሥሩ። በዘመቻው ጊዜም በሥራ ሰዓት፣ በዩኒፎርም ወይም አውቶቡሱ ውስጥ ስለ ምርጫ አንዲት ቃል አይናገሩ። ለወላጆች ወረቀት ማደል ቢያምርዎትም እዚያ አይደለም።

የባለቤትዎ ጉዳይ ይለያል። ሕጉ ስኩል ቦርድ የአባሉን የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት እንዳይቀጥር ይከለክላል። ነገር ግን አባሉ ወንበር ከመያዙ በፊት የተቀጠሩትን፣ የመምህር ረዳቶችን ጨምሮ፣ አይነካም። ስለዚህ እርሷ ሥራዋ ላይ መቆየት ትችላለች። ችግሩ ለነገ ነው፤ ልጅዎ ተመርቃ እዚያው ልቀጠር ብትል አባትየው ቦርድ ላይ እያለ በሩ ሊዘጋባት ይችላል። ይህን አሁኑኑ በቤት ውስጥ ተነጋገሩበት።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ፌርፋክስ ስኩል ቦርድ 12 ተመራጭ አባላት አሉት። 9ኙ ከየዲስትሪክቱ (ከየምርጫ ክልሉ)፣ 3ቱ ከመላው ካውንቲ ይመረጣሉ፤ ዘመናቸው 4 ዓመት ነው። የሚቀጥለው መደበኛ ምርጫ ኖቬምበር 2፣ 2027 ነው። የእርስዎ ሰፈር በሜሰን ዲስትሪክት ውስጥ ነው፤ ቢሆንም ወሰኑ መንገድ ለመንገድ ስለሚሄድ በመራጭነት ካርድዎ ላይ ያረጋግጡ። ለመወዳደር ከምርጫው በፊት ቢያንስ አንድ ዓመት የቨርጂኒያ ነዋሪ መሆን፣ በዲስትሪክቱ መኖርና ለዚያ ወንበር ለመምረጥ ብቁ መሆን ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ሰው የሚወድቀው ቤት ሲቀይር ነው። ከሜሰን ወጥተው አናንዴል ሌላ ጥግ ላይ ርካሽ ቤት ቢያገኙ፣ ዲስትሪክቱ ተቀይሮ ሊገኝ ይችላል።

ፊርማው 125 ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ግን እያንዳንዱ ፈራሚ በሜሰን ዲስትሪክት የተመዘገበ መራጭ መሆን አለበት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ 125 ፊርማ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይገኛል፤ ከዚያ ውስጥ ግማሹ ከአሌክሳንድሪያ፣ ከአርሊንግተን ወይም ከሜሪላንድ የመጣ ሰው ከሆነ ግን ቁጥሩ ይሟሟል። አድራሻውን የቀየረና ምዝገባውን ያላደሰም አለ። ስለዚህ ከ200 በታች ይዘው አይሂዱ። ፊርማ መሰብሰብ የሚቻለው ከጃንዋሪ 1፣ 2027 ጀምሮ ነው። ፊርማዎቹን ከቀሪዎቹ ቅጾች ጋር፣ ማለትም ከብቃት ማረጋገጫው፣ ከዕጩነት መግለጫውና ከገንዘብ ጥቅም ማስታወቂያው ጋር፣ እስከ ጁን 15፣ 2027 ከምሽቱ 1 ሰዓት ድረስ ለካውንቲው የመራጮች ምዝገባ ቢሮ ያስገባሉ። አንድ ደቂቃ ካለፈ አይቀበሉዎትም። የኛ ሰው የመጨረሻውን ቀን ይወዳል፤ እባክዎ ይህን ልማድ ለሠርግ ያቆዩት። በሜይ ውስጥ ካስገቡ የተጣለ ፊርማ ቢኖር ለመተካት ጊዜ ይኖርዎታል።

ዜጋ ያልሆኑት ወዳጆችዎ ዘንድ ሰፋ አድርጌ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም እዚህ የሚጎዱት እርስዎ ሳይሆኑ እነሱ ናቸው።

ግሪን ካርድ ያለው ሰው ቅጹን ይዞ ሌሎችን ማስፈረም ይችላል። የቨርጂኒያ ሕግ ከአስፈራሚው የሚጠይቀው የአሜሪካ ሕጋዊ ነዋሪ መሆኑንና ለአካለ መጠን መድረሱን ነው፤ በወንጀል የመምረጥ መብቱን ያጣም ከሆነ መብቱ የተመለሰለት መሆን አለበት። ራሱ መፈረም ግን አይችልም። ፔቲሽኑ (የፊርማ ቅጹ) ላይ የሚፈርመው መራጭ ብቻ ነው። ጊዜያዊ ወረቀት ያለው ሰው፣ ለምሳሌ በቲፒኤስ (በጊዜያዊ የመቆያ ጥበቃ) ያለ ወይም የጥገኝነት ጉዳዩ ያላለቀ፣ «ሕጋዊ ነዋሪ» መባሉ ሊያከራክር ስለሚችል ቅጹን ባይሰጡት ይሻላል። ቡና አፍልቶ፣ በራሪ ወረቀት አጥፎ ይርዳዎት።

ከሁሉ የከፋው ይህ ነው፦ አንድ ቀናተኛ ወዳጅዎ «እኔም ልምረጥህ» ብሎ መራጭ ሆኖ ቢመዘገብ። ዲኤምቪ (መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ) ሄዶ የ«ዜጋ ነኝ» ሳጥን ላይ ምልክት ያደረገ ግሪን ካርድ ያለው ሰው፣ በሐሰት ዜጋ ነኝ ብሏል ተብሎ ሊከሰስና ከአገር ሊባረር ይችላል። ድምፅ ከሰጠ ደግሞ የባሰ ነው። የዜግነት ማመልከቻው ራሱ ተመዝግበህ ታውቃለህ፣ መርጠህ ታውቃለህ ብሎ ይጠይቃል። ዋሽንግተን ዲሲ ከ2024 ጀምሮ ዜጋ ላልሆኑ ነዋሪዎች በአካባቢ ምርጫ ድምፅ እንዲሰጡ ፈቅዳለች፤ ሜሪላንድ ያለችው ታኮማ ፓርክም በከተማዋ ምርጫ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ትፈቅዳለች። ያ ወሬ ድልድዩን ተሻግሮ ቨርጂኒያ ሲደርስ ሰው ያሳስታል። ፌርፋክስ ላይ አይሠራም። ከደጋፊዎችዎ መካከል በስህተት የተመዘገበ ካለ አይምረጥ፤ የዜግነት ማመልከቻ ከማስገባቱም በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር።

ገንዘብ ላይ ሕጉ የፌዴራል ነው፤ ለአካባቢ ምርጫም ይሠራል። ዜጋና ግሪን ካርድ ያለው ሰው ማዋጣት ይችላል። ሌላው አይችልም። ወንድምዎ ከአዲስ አበባ አንድ ዶላር እንኳ መላክ የለበትም፤ በዘመድ እጅ አዙሮ መላኩ ነገሩን ያባብሰዋል። ቨርጂኒያ ለመዋጮ ጣሪያ የላትም፤ ግን ማን ምን ያህል እንደሰጠ መመዝገብና ማሳወቅ ግዴታ ነው። የመጀመሪያውን መዋጮ ከመቀበልዎ በፊት የዘመቻ ኮሚቴዎን ማስመዝገብና ለብቻው የባንክ ሒሳብ መክፈት ይልመድብዎ። የዕቁብ ደብተር ሥርዓት እዚህ አይበቃም። ስም፣ አድራሻ፣ መጠን፣ ቀን ይጻፍ። በሚያሳትሙት ማስታወቂያ ላይም ወጪውን የሸፈነው ማን እንደሆነ ይገለጽ።

ስለ ደብሩ። ምእመናን በግላቸው ይደግፉዎት፤ ማንም አይከለክላቸውም። ደብሩ ግን ከግብር ነጻ የሆነ ድርጅት ነው። ከ1954 ጀምሮ የፌዴራል የታክስ ሕግ እንዲህ ያለ ድርጅት ለአንድ ዕጩ ወግኖ እንዳይገባ ይከለክላል። የደብሩን ማኅተም፣ የኢሜይል ዝርዝርና የሰበካ ጉባኤውን ገንዘብ አይንኩ። አስተዳዳሪው ለእርስዎ ብቻ መድረክ ሊሰጡዎት ካሰቡ፣ የሜሰን ዕጩዎች ሁሉ የሚጠሩበት የጥያቄና መልስ ምሽት እንዲያዘጋጁ ይጠይቋቸው። ከዚያ መድረክ ላይ አማርኛ የሚችሉት እርስዎ ብቻ ከሆኑ ያ የእርስዎ ዕድል ነው።