ኦክስጅን የተደረገለት ልጅ አይተርፍም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ3 ዓመት ከ6 ወር ወንድ ልጅ አለኝ። ባለፈው ወር የሳንባ ምች ነው ተብሎ ሆስፒታል 5 ቀን ተኝቶ ነበር። የመጀመሪያው ሌሊት አፍንጫው ላይ ኦክስጅን አደረጉለት። አማቴ «ኦክስጅን የተደረገለት አይተርፍም፣ አውልቁለት» ብለው አለቀሱ። ባለቤቴም ግራ ገባው። ምን እየሆነ እንደሆነ የነገረን የለም። መርፌውን እጁ ላይ ሲሰኩለት «መርፌ የለም» ብዬ አታልዬው፣ ጥፍር አድርጌ ይዤ ያስወጋሁት እኔ ነኝ። ተመስገን ነው፣ ድኖ ወጣ። አሁን ግን ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ሲያይ ይጮኻል። ሌሊት ይባንናል። ትቶት የነበረውን አልጋ ላይ መሽናት እንደገና ጀመረ። ከትናንት ወዲያ ደግሞ ሳል ያዘው። ከባለፈው የተረፈ የአሞክሲሲሊን ሽሮፕ እየሰጠሁት ነው። ኦክስጅን ይለመዳል ወይ? ሳንባው ለምዶት ይሆን ቶሎ ያገረሸበት? ከባሰበት ሆስፒታል ልመልሰው ወይስ እቤት ላስታምመው?
(አንዲት እናት፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ አጭሩን ልመልስልዎ። ኦክስጅን አይለመድም። ሱስ አይሆንም። ለልጅዎ በተደረገለት መንገድ ሲሰጥ ሳንባን አያሰንፍም። የአሁኑ ሳልም ከኦክስጅኑ ጋር አይገናኝም። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በዓመት 6 እና 8 ጊዜ ጉንፋን ቢይዘው አይገርምም።

ደብዳቤዎን ግን ደጋግሜ አነበብኩት። የጠየቁኝ ስለ ኦክስጅን ነው። እንቅልፍ የነሳዎት ግን ሌላ ይመስለኛል። «ጥፍር አድርጌ ይዤ ያስወጋሁት እኔ ነኝ» ብለዋል። ይህን የጠየቀዎት ሰው የለም። እርስዎ ራስዎ ነዎት ያወጡት። ልጄን ጎድቼው ይሆን ነው ነገሩ። አልጎዱትም። በዚያች መርፌ በኩል ነው መድኃኒቱ የገባው። ያን ሌሊት ይዘውት ባይሄዱ ኖሮ ዛሬ ስለ ሳል አንጻጻፍም ነበር ይሆናል። የተሳሳቱት አንድ ነገር አለ፣ እሱም ይስተካከላል። እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ አማትዎ ነገር ልግባ። እዚህ ላይ ረዘም ላደርገው ነው። በዚህ ወሬ ምክንያት ቱቦው ተነቅሎባቸው፣ ወይ ቤተሰብ ፈርሞ አስወጥቷቸው ያጣናቸው ልጆች አሉ። ስለዚህ ይታገሱኝ።

«ኦክስጅን የተደረገለት አይተርፍም» የሚለው ወሬ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ሰው በዓይኑ ያየው ነገር አለ። ልጁ ይታመማል። መጀመሪያ እቤት ይታሻል። ከዚያ ከፋርማሲ ሽሮፕ ይገዛለታል። አራትና አምስት ቀን ያልፋል። ከንፈሩ ሲጠቁር ታክሲ ይፈለጋል። ሆስፒታል ሲደርስ መጀመሪያ የሚደረግለት ኦክስጅን ነው። ከእነዚህ ልጆች አንዳንዱ አይተርፍም። ሳንባው ውስጥ ያለውን በሽታ ያየ የለም። ቱቦውን ግን ሁሉም አይቷል። ስለዚህ ነፍስ ያጠፋው ቱቦው ነው ይባላል። ቄስ የተጠራለት በሽተኛ ሲሞት ቄሱ ገደለው እንደማለት ነው። ያንን ልጅ የገደለው የባከኑት አራት ቀናት ናቸው።

የምንተነፍሰው አየር ከ100 እጅ 21 እጁ ኦክስጅን ነው። ለጤነኛ ሳንባ ይህ ይበቃዋል። የሳንባ ምች ሲይዝ ግን በሳንባ ውስጥ ያሉት ትናንሽ የአየር ከረጢቶች በፈሳሽና በመግል ይሞላሉ። አየሩ ቢገባም ወደ ደም የሚያልፈው ያንሳል። ልጁ የጎደለውን ለመሙላት ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ዳገት እንደሚሮጥ ሰው ማለት ነው፣ እሱ ግን አረፍ ማለት አይችልም። እየደከመ ይሄዳል። በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት ጀርሙን ለማሸነፍ አንድ ሁለት ቀን ይፈልጋል። እስከዚያ ልጁን ደግፎ የሚያቆየው ኦክስጅኑ ነው።

ጣቱ ላይ እንደ ልብስ መቆንጠጫ የሚሰካ፣ ቀይ መብራት ያለው ዕቃ አይተው ይሆናል። በደሙ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይለካል። ቁጥሩ ከ90 በታች ከሆነ ኦክስጅን ይደረግለታል። ያለ ኦክስጅን ከ90 በላይ ሆኖ መቆየት ሲችል ይነቀልለታል። የእርስዎም ልጅ ተነቅሎለት፣ በእግሩ ወጥቷል።

አንድ ሌሊት ያየሁትን ልንገርዎ። ብዙ ዓመት ሆኖታል። የሕፃናት ዋርድ ውስጥ ተረኛ ነበርኩ። ከገጠር የመጣ የበግ ነጋዴ፣ አንድ ዓመት ያልሞላት ልጁን ያስታምማል። እኛ ዞር ስንል ቱቦውን ያወልቃል። እኛ እንመልሳለን። እሱ ያወልቃል። እኔ ተቆጣሁት። ምንም አልሰማኝም። እሱም እንደ አማትዎ ነው የሰማው፤ በእሱ ቤት ልጁን ከሞት እያዳነ ነው።

ሲስተሯ ግን አልተቆጣችም። ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። በብርጭቆ ውሃ ቀዳች። የቱቦውን ጫፍ ውሃው ውስጥ አስገባችው። ውሃው መንተክተክ ጀመረ። አወጣችና ጠራርጋ የሱን ጉንጭ አስነካችው። «አየር ነው አባቴ፣ ያው አንተ የምትተነፍሰው» አለችው። ከዚያ የልጅቷ ጣት ላይ ያለውን መለኪያ አሳየችው። 83 ይላል። ቱቦውን መለሰችላትና ዝም ብለው አብረው ጠበቁ። 86። 89። 93። ሰውየው ማንበብ አይችልም፣ ቁጥር ግን ከማንም በላይ ያውቃል። ገበያ ነው የኖረው። ጋቢውን ወደ ትከሻው መለሰና መለኪያው ላይ እንዳፈጠጠ ቀረ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቱቦው ወለቅ ሲል ቀድሞ የሚጣራው እሱ ሆነ። «ሲስተር፣ አየሯ ወለቀ!» ልጅቷ በ6ኛው ቀን ወጣች።

ሲስተሯ ይህን ለማድረግ አምስት ደቂቃ አልፈጀባትም። እኔ ስቆጣበት ያጠፋሁት ሰዓት ከዚያ ይበልጣል።

ስለዚህ «የነገረን የለም» ማለትዎ ልክ ነው። ጥፋቱ የእኛ ነው። ሌሊት ላይ አንዲት ነርስ ብዙ ልጆች ይዛ እንደምትሮጥ አውቃለሁ። ቢሆንም መንገር ከሕክምናው አንዱ ክፍል ነው፣ ጊዜ ሲተርፍ የሚደረግ ነገር አይደለም። ይህን የምታነቡ የሕፃናት ክፍል ነርሶች ካላችሁ፣ ቱቦውን ከማድረጋችሁ በፊት ንገሯቸው። እናትየውን ብቻ ሳይሆን አያትየውንም ጥሯቸው። እቤት ውስጥ ቃላቸው የሚሰማው የእሳቸው ነው።

እናንተ ወላጆችም ጠይቁ። «ሲስተር፣ ይሄ ምንድነው? ለምንድነው? ሌሊት ምን ሳይ ልጥራሽ?» በቂ ነው። ጠዋት ሐኪሞች ራውንድ ሲያደርጉ ደግሞ አስታማሚዋ አልጋው አጠገብ ትገኝ። አልገባኝም ማለት ነውር አይደለም።

አሁን ወዳሳደርኩት ነገር ልመለስ። «መርፌ የለም» ማለት አልነበረብዎትም። ይህን በቁጣ አልልዎትም፣ ሁሉም እናት ትለዋለች። ልጁ ግን ያን ቀን የተማረው መርፌ እንደሚያም ብቻ አይደለም። እማዬ የለም ስትልም መርፌ ሊኖር እንደሚችል ተምሯል። ለዚህ ነው ነጭ ጋውን ባየ ቁጥር የሚጮኸው። መቼ እንደሚወጋ ማወቂያ አጣ።

ከዚህ የሚብስ ደግሞ አለ። «ካስቸገርክ ዶክተሩ ይወጋሃል!» በየቤቱ፣ በየታክሲው እሰማለሁ። እባካችሁ ተዉት። የ3 እና የ4 ዓመት ልጅ የታመመው ስላጠፋ ይመስለዋል። ለጥፋት ቅጣት መርፌ ነው ብላችሁ ካሳደጋችሁት፣ ሆስፒታል ሲገባ እየተቀጣ ነው የሚመስለው። ሲታከም ዝም ብሎ ያፈጣል፣ አንዳንዴም «ሁለተኛ አላጠፋም» ይላል። ይህን ከልጅ አፍ መስማት ያማል።

ታዲያ ምን ይባል? እውነቱን፣ አጠር አድርጎ። «አሁን ሲስተር እጅህን ትወጋሃለች። ትንሽ ያምማል። ማልቀስ ትችላለህ። እኔ እዚሁ ነኝ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ስንል ያልቃል።» ለትንሽ ልጅ ይህ የሚነገረው መርፌው ሊደርስ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ነው። ከቀናት በፊት ከነገሩት ሲፈራ ይሰነብታል። የ7 እና የ8 ዓመት ልጅ ግን ከአንድ ቀን በፊት ቢያውቅ ይሻለዋል። ጥያቄ አለው። ጡት የሚጠባ ሕፃን ከሆነ ደግሞ እየጠባ ቢወጋ ሕመሙ ይቀንስለታል። ሲስተሯ ከፈቀደች አልጋ ላይ ተጭኖ ከሚያዝ ይልቅ እቅፍዎ ውስጥ ተቀምጦ ይወጋ። መያዙ አይቀርም፣ በእናት እቅፍ መያዝ ግን ሌላ ነው።

መባነኑና አልጋ ላይ መሽናቱ አያስደንግጥዎ። ሆስፒታል ተኝቶ የወጣ ልጅ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይሆናል። ከእናቱ ቀሚስ አልላቀቅም ይላል። አይቆጡት፣ አያሳፍሩት። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እየተወው ይሄዳል። ከአንድ ወር በላይ ከቆየ ወይም እየባሰ ከሄደ ግን ይንገሩን። እስከዚያ መርፌው የወጣለት ባዶ ሲሪንጅ ይግዙለት። አዲስ ይሁን፣ ያገለገለ አይሁን። አሻንጉሊት ከሌለው ከጨርቅ ጠቅልለው ይሥሩለት። ይውጋው። ፕላስተር ይለጥፍለት። አንዳንዱ ልጅ አሻንጉሊቱን በጣም ይቆጣዋል፣ ይመታዋል። ይተዉት። የተሰማውን እየተናገረ ነው። አንድ ቀን ደግሞ አጠገቡ ቁጭ ብለው «መርፌ የለም ያልኩህ ውሸት ነበር። ሁለተኛ አልዋሽህም» ይበሉት። ትንሽ ነው አይገባውም ብለው አያስቡ፣ ይገባዋል።

አሁን ስለ ሽሮፑ። እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። የአሞክሲሲሊን ሽሮፕ ዱቄቱ በውሃ ከተበጠበጠ በኋላ እንደ ዓይነቱ ከ7 እስከ 14 ቀን ብቻ ነው የሚያገለግለው። እርስዎ የሚሰጡት የባለፈው ወር ነው። መጣል የነበረበት መድኃኒት ነው። ደግሞስ ለምን ተረፈ? የታዘዘው እስከ መጨረሻው ቢሰጥ ኖሮ የሚያልቅ አይመስለኝም። ሳሉ የጉንፋን ከሆነ አንቲባዮቲክ አይነካውም። የሳንባ ምች ከሆነ ይህ ሽሮፕ አያድነውም፣ ቀን ብቻ ያባክናል። ይለመዳል ብለው የፈሩት ኦክስጅን አይለመድም። ጀርም የሚላመደው እንዲህ በግምት የሚሰጠውን አንቲባዮቲክ ነው። ዛሬውኑ ያቁሙ። ነገ ጠርሙሱን ይዘው ጤና ጣቢያ ይሂዱና ስንት ቀን፣ ስንት ማንኪያ እንደሰጡት በግልጽ ይንገሯቸው።

ዳማከሴም እንዲሁ። «የሳንባ ምች» የሚለው ስም ራሱ ሰው ያሳስታል። ፀሐይ መታኝ ብለን ዳማከሴ የምንታሽለት ምችና ይህ በሽታ የሚገናኙት በስም ብቻ ነው። ግንባሩን ቢያሹት አልከለክልም። አፍንጫው ውስጥ መጭመቅ ግን አይቻልም፣ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ለሳሉ ለብ ባለ ውሃ ማር ይስጡት። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር አይሰጥም።

ዛሬ ማታ የሚያደርጉት ይህን ነው። የደብረ ብርሃንን ብርድ አውቀዋለሁ። ልጁ በጋቢና በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ይተኛል፣ ደረቱ አይታይም። ከሰል ካለ ወደ ውጭ ያውጡት። ልጁ ሳያለቅስ፣ ተኝቶ እያለ ደረቱን ይግለጡ። ስልክዎ ላይ አንድ ደቂቃ ይያዙና አተነፋፈሱን ይቁጠሩ። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት አይሠራም፣ ሙሉ ደቂቃ ነው። በእሱ ዕድሜ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ከ2 ወር እስከ 12 ወር ላለ ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር በታች 60 እና ከዚያ በላይ ነው። 40 ከደረሰ ወይም ካለፈ ነገን አይጠብቁ። ሲተነፍስ ከጎድኑ በታች ያለው ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስታወከ፣ ከፈዘዘ ወይም ካንቀጠቀጠው መቁጠርም አያስፈልግም። በሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ይውሰዱት። እቤት ማስታመም የሚባል ነገር እዚህ የለም።

ከእነዚህ አንዱም ከሌለ ይተኛ፣ እርስዎም ይተኙ። ጠዋት ስትሄዱ የክትባት ካርዱን ይያዙ። የሳንባ ምች ከሚያመጡት ጀርሞች አንዱን የሚከላከለው የኒሞኮካል ክትባት በአገራችን ከ2004 ዓ.ም ጀምሮ ይሰጣል፣ ሦስቱን መውሰዱን ያረጋግጡልዎታል። አማትዎም ይምጡ። ያ ቀይ መብራት ያለው መለኪያ ጤና ጣቢያው ካለው፣ መጀመሪያ እሳቸው ጣት ላይ ይሰካ። ልጁ አያቱ እንዳላመማቸው ካየ በኋላ የሱን ጣት ይስጥ። አሻንጉሊቱንም ይዞ ይሂድ። መንገድ ላይ መርፌ አለ ወይ ብሎ ከጠየቀዎት «አላውቅም፣ ሲስተርን አብረን እንጠይቃታለን» ይበሉት።