ቤዝ ጊታር ልገጣጥም ወይስ ልግዛ?

ጥያቄ፦

ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ቤዝ መጫወት ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ያለኝ አንድ ባለ አራት ክር ቤዝ ብቻ ነው። ድምፁን አልጠላውም፤ ግን ሁለት ነገር አስመርሮኛል። አንደኛ፣ አንገቱ እጄን ይሞላዋል። ነቱ ጋ፣ ክሮቹ ከመቃኛው በኩል መጥተው የሚያርፉባት ቁራጭ ጋ፣ ስለካው ስፋቱ 44 ሚሊሜትር ሆነ። ሁለተኛ፣ ይከብዳል። ሚዛን ላይ ሳወጣው 4.8 ኪሎ መዘነ። ሁለት ሰዓት ከተለማመድኩ በኋላ ግራ ትከሻዬ ይደነዝዛል። አንድ ደህና ቤዝ የሚገዛ ገንዘብ አጠራቅሜያለሁ። አሁን ግን አካሉን፣ አንገቱን፣ ፒካፑን (የክሩን ንዝረት ተቀብሎ ወደ ማጉያው የሚልከውን)፣ ብሪጁን (ክሮቹ አካሉ ላይ የሚታሰሩበትን) ለየብቻ ገዝቼ የራሴን ልገጣጥም የሚል ሐሳብ ገብቶኛል። ቀጭን አንገት፣ ቀላል አካል፣ ሁለት ፒካፕ ያለው። ካቻቪቴና ሶልደር ማድረጊያ አለኝ፤ እንጨት ግን ሠርቼ አላውቅም። ጓደኞቼ ግማሾቹ «በርካሽ ትገላገላለህ» ይላሉ፣ ግማሾቹ «ገንዘብህን ውኃ ይበላዋል» ይላሉ። እርስዎስ?

ትከሻው የደከመ

መልስ፦

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። ደስ ያለኝ ነገር መለካትህ ነው። ብዙ ሰው «ጥሩ ድምፅ ያለው ቤዝ መገጣጠም እፈልጋለሁ» ብሎ ይጽፍልኛል። ለእሱ ምን ብዬ ልመልስ? አንተ ግን የሚያስቸግርህን ነገር በሚሊሜትርና በኪሎ ነግረኸኛል። እንዲህ የሚያውቅ ሰው ቢገጣጥም አይከፋኝም።

ስለዚህ መልሴ «ገጣጥም» ነው። ግን በአንድ ጊዜ አይደለም። መጀመሪያ አንገት ብቻ ግዛ፤ አሁን ባለህ ቤዝ ላይ ግጠመው። ስድስት ወር ተጫወትበት። ከዚያ በኋላ አካሉን ታስባለህ። በዚህ መንገድ አንድም ቀን ያለ ቤዝ አታድርም።

የርካሽነቱን ነገር ግን ከአሁኑ ተወው። ወረቀት አውጣና ዝርዝር ጻፍ። አካል፣ አንገት፣ ፒካፕ፣ ብሪጅ፣ መቃኛ ትላለህ። ቀጥሎ ደግሞ የአንገት ብሎኖች፣ ከጀርባ የሚገባው ብረት፣ ነት፣ የማንገቻ ቁልፎች፣ ቮሊዩምና ቶን መቆጣጠሪያዎች፣ ካፓሲተር፣ ጃክ፣ ሽቦ፣ ክር ይመጣል። የመሰርሰሪያ ጥርስ ይመጣል። መጨረሻ ላይ ፍሬቶቹን፣ አንገቱ ላይ በአግድም የተተከሉትን ብረቶች፣ ለሚያስተካክልልህ ባለሙያ የምትከፍለው አለ። ሰው የሚረሳው ይህን ሁለተኛውን ግማሽ ነው። ደግሞ የተገጣጠመ ቤዝ ልሽጥ ብትል ለዕቃዎቹ ያወጣኸው አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። ገዢ የሚያውቀውን ስም ይፈልጋላ። እና ለራስህ እጅ ነው የምትገጣጥመው፤ ሌላ ምክንያት አትፈልግለት።

አንገት ብቻ መቀየር የሚቻለው ለምንድነው? አሜሪካዊው የጊታር አምራች ሊዮ ፌንደር በ1951 እ.ኤ.አ. ፕሪሲዥን ቤዝ የተባለውን ሲያወጣ አንገቱን በኮላ አላጣበቀውም። በአራት ብሎን አሰረው። ቢበላሽ ተፈትቶ ሌላ እንዲገባ ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. የወጣው የእሱው ጃዝ ቤዝ ደግሞ ነቱ ጋ ጠበብ ያለ፣ 38 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ አንገት ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲህ ብዙ አምራቾች እነዚያኑ ልኮች ተከተሉ። የክሩ ርዝመት ከነት እስከ ብሪጅ 34 ኢንች፣ ማለትም 864 ሚሊሜትር ነው። አንገቱ የሚቀመጥበት ጉድጓድ ስፋት 63 ሚሊሜትር ያህል ነው። ለዚህ ነው ከአንዱ የተገዛ አንገት ከሌላው አካል ጋር የሚገጥመው።

ብዙዎቹ ተከተሉ አልኩ እንጂ ሁሉም አላልኩም። የአንተን ሳትለካ አንዲት ብሎን እንዳትገዛ። የአሁኑን አንገት ፍታና የጉድጓዱን ስፋትና ጥልቀት በካሊፐር ለካ። ከነቱ እስከ 12ኛው ፍሬት ያለውንም ለካ። 432 ሚሊሜትር ከሆነ ባለ 34 ኢንች ነው። ባለ 24 ፍሬት አንገት አያምርህ። አብዛኛውን ጊዜ ለባለ 20 ፍሬት አካል ልኩ አይሆንም፤ ብሪጁን እስከ መንቀል ያደርስሃል።

አንድ ነገር ላስተካክልልህ። «ቀጭን አንገት» ብለሃል። ቀጭንና ጠባብ አንድ አይደሉም። የለካኸው 44 ሚሊሜትር ስፋቱ ነው። ውፍረቱ ሌላ ልክ ነው፤ ከገበታው፣ ማለትም ጣትህ ክሩን ከሚጫንበት ፊቱ፣ እስከ ጀርባው ያለው። አውራ ጣትህ የሚደክመው ከውፍረቱ ሊሆን ይችላል፣ ትንሿ ጣትህ የማትደርሰው ደግሞ ከስፋቱ። ጠባብ ሆኖ ከጀርባው ጉብ ያለ አንገት አለ። ሰፊ ሆኖ ጠፍጣፋም አለ። እኔ ራሴ ለዓመታት ጠባብ አንገት የምወድ ይመስለኝ ነበር። ኋላ ላይ ስደርስበት እጄ የሚወደው ጠፍጣፋውን ነው፤ ስፋቱ ግድ አይሰጠውም። ስለዚህ ከማዘዝህ በፊት 38 ሚሊሜትር የሆነ ቤዝ ከጓደኛ ተዋስ። ለአምስት ደቂቃ ሳይሆን ለአንድ ሳምንት። ጠባብ ነገር መጀመሪያ ላይ ለሁሉም ሰው ይመቻል። በአራተኛው ቀን ክሮቹ ተቀራርበው ጣትህን ካደናቀፉህ 41 የሚሆን አለልህ።

አሁን የራሴን ልንገርህ። የመጀመሪያዬን ቤዝ ስገጣጥም አካሉ የብሪጅ ቀዳዳ አልነበረውም። እኔ ነኝ የምሰረስረው። 864 ሚሊሜትር ለካሁ፣ ምልክት አደረግኩ፣ አምስቱን ቀዳዳ ሰረሰርኩ። ክር ዘርግቼ ስቃኝ ባዶው ክር ልክ ነው፤ 12ኛው ፍሬት ላይ ስይዘው ግን ቅኝቱ ከፍ ይላል። ሳድሉን፣ ክሩ የሚያርፍባትን ትንሽ ብረት ማለቴ ነው፣ ወደ ኋላ ሳብኩ። አሁንም ከፍ ይላል። እስከ መጨረሻው ሳብኩት፤ ወፍራሙ ክር አልስተካከል አለ። ሁለት ቀን ክሩን ስጠረጥር ቆየሁ። ለካ ከነቱ የመቃኛ በኩል ነው የለካሁት! መለካት የነበረብኝ ፍሬቶቹን ከሚያየው ጠርዝ ነው። የነቱ ውፍረት ያህል፣ አምስት ሚሊሜትር ገደማ፣ ብሪጁ ቀርቦ ነበር። አምስቱንም ቀዳዳ በጠንካራ እንጨት ደፍኜ፣ ኮላው እስኪደርቅ ጠብቄ፣ እንደገና ሰረሰርኩ። ጠባሳው ዛሬም ብሪጁ ሥር አለ።

ከዚያ በኋላ አንድ ልማድ ያዝኩ። ከመሰርሰሬ በፊት አንገቱን በክላምፕ አስሬ ከነቱ ዳርና ዳር ሁለት የስፌት ክር እስከ ብሪጁ እዘረጋለሁ። ክሮቹ ከገበታው ጠርዝ በሁለቱም በኩል እኩል መራቅ አለባቸው። አንዱ ወደ ውጭ ካመለጠ ብሪጁን ወይም አንገቱን ነካ አደርጋለሁ። አሥር ደቂቃ ነው የሚወስደው። ያለዚህ የሰረሰርከው ቤዝ ቀጭኑ ክር ከገበታው ጠርዝ እየሾለከ ዕድሜ ልክህን ያናድድሃል።

አንገትህ እንደ ደረሰህ ደግሞ አንድ ነገር ጠብቅ። ፍሬቶቹ ተተክለው ይምጡ እንጂ አንዱ ከሌላው ከፍ ያለ ሊሆን ይችላል። ሰው የገጣጠመውን ቤዝ «ይጮኻል፣ ይንጫጫል» ብሎ ጥሎት የሚሄደው እዚህ ላይ ነው። ዕቃው መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ፍሬቱ ስላልተሞረደ ነው። ይህን ሥራ በመጀመሪያ ቤዝህ ላይ አትሞክረው። ለባለሙያ ስጠው። ነቱንም እንዲቆርጥልህ አድርግ። የነት ጉድጓድ አንዴ ከጠለቀ መመለሻ የለውም።

የአንገቱን ጉብጠት ማስተካከል ግን ራስህ ተማር። አራቱ ክሮች ተቃኝተው ሲወጠሩ በድምሩ ከ70 ኪሎ በላይ ይስባሉ። አንገቱ ይህን ችሎ የሚቆመው ውስጡ ባለው ብረት፣ በትረስ ሮዱ ነው። ወፍራሙን ክር 1ኛው ፍሬት ላይና አንገቱ ከአካሉ የሚገናኝበት ፍሬት ላይ ያዝ። መሀል ላይ፣ 7ኛው አካባቢ፣ በክሩና በፍሬቱ መካከል ወደ 0.3 ሚሊሜትር ክፍተት ይኑር። ሦስት ተራ ወረቀት ተደርቦ የሚያልፍበት ያህል ማለት ነው። ካነሰ ወይም ከበዛ ትረስ ሮዱን በሩብ ዙር ብቻ አዙረው፤ እንደገና ለካ። እምቢ ካለህ አትታገለው።

ስለ አካሉ፣ ትከሻህን ስላነሣህ ዝም ብዬ አላልፈውም። የእንጨቱን ዓይነት ከድምፅ ይልቅ ለክብደት ምረጠው፤ ይህ የእኔ ፍርድ ነው። ባስዉድ አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነው። አልደር መካከለኛ ነው። አሽ የተባለው እንጨት እንደ ቁራጩ ይለያያል፣ አንዱ ላባ፣ አንዱ ድንጋይ። ሻጩን ስሙን ሳይሆን ኪሎውን ጠይቀው። 2 ኪሎ ወይም ከዚያ ያነሰ ካገኘህ ሙሉው ቤዝ 4 ኪሎ እንዳያልፍ ተስፋ አለ። ግን ሌላ ጣጣ ይመጣል። አካሉ በጣም ሲቀል አንገቱ ወደ መሬት ይደፋል። ግራ እጅህ መጫወቱን ትቶ ደግፎ መያዝ ይጀምራል፤ ትከሻህን አድነህ ክንድህን ትጎዳለህ። መድኃኒቱ ቀላል መቃኛ ነው። ከአንገቱ ጫፍ ላይ የሚቀነስ ትንሽ ግራም ከአካሉ ላይ ከሚቀነስ ብዙ ግራም ይበልጣል። እንዲያውም ዛሬውኑ መቃኛዎችህን ንቀልና መዝናቸው። ከባድ ከሆኑ አዲሱ አንገት ላይ ቀላሎቹን ታስገባለህ። ቀዳዳቸው ስለሚለያይ ዲያሜትሩን ጠይቅ።

ቀለም ያልተቀባ አካል ርካሽ ስለሆነ ያጓጓል። ዘይት ቀብተህ መጨረስ ትችላለህ፣ ያምራልም። ብቻ የሊንሲድ ዘይት የጠረግክበትን ጨርቅ ጨባብጠህ ጥግ ላይ እንዳትጥለው። እየደረቀ ይግላል፤ ያለ ክብሪት ራሱን ያቃጥላል። ዘርግተህ ውጭ አድርቀው ወይም ውኃ ባለበት ጣሳ ውስጥ ክተተው። በዚህ ነገር ቀልድ የለም።

ፒካፕን በተመለከተ፣ ሁለት የጃዝ ፒካፕ ስታዝ «የአንገት» እና «የብሪጅ» ብለህ ለይተህ እዘዝ። የብሪጁ ትንሽ ይረዝማል። ሁለት አንድ ዓይነት ገዝቶ አንዱ ጉድጓዱ ውስጥ አልገባ ያለውን ሰው አውቃለሁ። ሁለቱም እኩል ሲከፈቱ «እምምም» የሚለው ሀም ይጠፋል፤ አንዱን ብቻ ስትከፍት ይመለሳል። ያ ጉድለት አይደለም፣ ተፈጥሮው ነው። ሶልደሩን ስለምትችል ይህ ክፍል አያስቸግርህም። ብሪጁ ሥር የምትገባውን የመሬት ሽቦ ብቻ አትርሳ። ክሩን ስትነካ ሀሙ ከቀነሰ ሽቦዋ ሥራዋን ይዛለች።

አንድ የመጨረሻ ነገር። በአንገቱ ራስ ላይ የትልቅ ድርጅት ስም የሚለጥፉ አሉ። አንተ አታድርገው። ዛሬ ለጌጥ የለጠፍከውን ነገ ሌላ ሰው እውነት መስሎት ይገዛዋል። ከፈለግክ የራስህን ስም ጻፍበት።

ምናልባት አንገቱን ቀይረህ ስድስት ወር ከተጫወትክ በኋላ አካሉን መቀየር ላያስፈልግህ ይችላል። ሰፊ ማንገቻም ሞክር፣ ክብደቱን ትከሻህ ላይ ይበትነዋል። ያኔ የተረፈህን ገንዘብ ያዘው።

ጥያቄ፦

ገጣጥሜ ጨርሻለሁ፤ ግን በአንገቱና በጉድጓዱ ግድግዳ መካከል ክፍተት አለ። አንድ ወረቀት ይገባበታል። ድምፁን ያበላሸዋል? ልድፈነው?

ዘወትር አንባቢዎ

መልስ፦

እኅቴ፣ አንድ ወረቀት ብቻ ከሆነ እርሺው። አንገቱን የሚይዙት ከሥር ያሉት አራት ብሎኖች ናቸው፤ የጎን ግድግዳው አይደለም። ዋናው የአንገቱ ታችና የጉድጓዱ ወለል መነካካታቸው ነው። ወለሉ ላይ የቀለም ጠብታ ወይም የእንጨት ፍርፋሪ ካለ በብርጭቆ ወረቀት አጽጂው። ከዚያ ክሮቹን ላላ አድርጊ፣ ብሎኖቹን ትንሽ ፍቺ፣ አንገቱን ወደ ቦታው ገፋ አድርገሽ መልሰሽ እሰሪ። በግፊት ብቻ ወዲያና ወዲህ የሚሄድ ከሆነ ወይም ክሮቹ ወደ አንድ ጎን ካደሉ ግን እንደገና ጻፊልኝ፤ የክፍተቱንም ልክ አብረሽ ላኪልኝ።